ጣት ካረፈበት ጥርስ ባሻገር
(ለጥርስ ሕክምና ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



የመድረኩ መሪ ፓቶሎጂስት መሆኔን ሲናገር ከኋላ ወንበሮች በኩል ማጉረምረም ሰምቻለሁ። አይፈረድባችሁም። የአፍና የመንጋጋ በሽታዎችን ፈተና የተፈተነ ሰው የዚያ ስላይድ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ከዓይኑ ቶሎ አይጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ስም ስትሸመድዱ ያደራችሁበት ትምህርት ነው። ስሙ ረጅም ነው፣ በሽታው ብርቅ ነው፤ ክሊኒክ ስትገቡ ግን ነጋ ጠባ የሚመጣው የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርስ ነው። «ይህን ሁሉ የምጠቀምበት የት ነው?» ብትሉ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም የመጣሁት ልመልስላችሁ ነው።

ታካሚው ወንበራችሁ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ በጣቱ አንድ ጥርስ ያሳያችኋል። እሱን አክሙለት። ከዚያ ግን አፉን ከመዝጋቱ በፊት ምላሱን፣ ከምላሱ ሥር ያለውን፣ ላንቃውን፣ የጉንጩን ውስጥ እዩ፤ አፉን ከዘጋ በኋላ ደግሞ ስለ ኑሮው ጠይቁት። የምለው ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃ ነው።

እኔ የምውለው ከታካሚ ጋር ሳይሆን ከጠርሙስ ጋር ነው። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ፎርማሊን የያዙ ዕቃዎች ተደርድረው ይጠብቁኛል፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር የመላኪያ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ዕድሜ፣ ጾታ፣ እብጠቱ የጀመረበት ጊዜ፣ የራጁ ውጤት፣ የሐኪሙ ግምት የሚሞላበት ቦታ አለው። ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚደርሰኝ ግን «የመንጋጋ እብጠት» የሚል ብቻ ነው። የላይኛው ይሁን የታችኛው፣ ወር ይሁነው ዓመት አይታወቅም። ፊርማው ግን ሁልጊዜ ያምራል።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ላሳያችሁ። ከታችኛው መንጋጋ የተወሰደች ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሳያት ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ግዙፍ ሴሎች ተበትነውባታል፤ በመካከላቸው የፈሰሰ ደም አለ። ይህ እዚያው መንጋጋው ላይ የተነሣ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሐኪሙ ጠርጎ ያወጣዋል። ነገር ግን አንገት ውስጥ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ከልክ በላይ ሲያመነጩ፣ ካልሲየም ከአጥንት እየተመጠጠ ሲሄድ፣ ያው ሴል፣ ያው ደም መንጋጋ ውስጥ ይፈጠራል። ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይም ይታያል። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን ብታስቀምጡልኝ አልለያቸውም፤ ከእኔ የሚበልጥ ፓቶሎጂስትም አይለያቸውም። የሚለያቸው የደም ምርመራ ነው። ያንን ምርመራ የሚያዘው ደግሞ «ኩላሊትዎን ታመው ያውቃሉ? ጠጠር ነበረብዎት?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም ነው። ካልጠየቀ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው አንገቱ ወይም ኩላሊቱ ሆኖ ሳለ ያ ሰው መንጋጋውን ይቀደዳል።

አሁን ደግሞ ወደ ኡጋንዳ እንሂድ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። በ1957 ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም አንድ ሕፃን እንዲያይ ባልደረባው ጠራው። የልጁ ፊት በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም አብጧል፤ ጥርሶቹ ተነቃንቀዋል። የጥርስ መግል እንዳይባል በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ አይነሣም። ዕጢ እንዳይባልም እንዲህ ያለ ዕጢ አይቶ አያውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጂንጃ ሆስፒታል በሥራ ላይ ሳለ በመስኮት ሲመለከት ሌላ ሕፃን ያንኑ ፊት ይዞ ውጭ ተቀምጧል። በርኪት አላለፈውም። መዝገብ አገላብጦ በ1958 ጻፈው፤ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ከሆስፒታል ሆስፒታል «እንዲህ ዓይነት ልጅ አይታችኋል?» እያለ ጠየቀ። በሽታው ሙቀት፣ ዝናብና ወባ ያለበትን አገር ተከትሎ የሚሄድ ሆነ። በ1964 ለንደን ውስጥ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር ከዚሁ ዕጢ ባሳደጉት ሴል ውስጥ ቫይረስ አገኙ። ሰውን ካንሰር ከማስያዝ ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀው የመጀመሪያው ቫይረስ እሱ ነው። ይህ ሁሉ የተጀመረው ከሕፃን መንጋጋ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእናንተ የሚተርፈው በጣም ተራ ነገር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ጥርሱ ያለ ጊዜው ተነቃንቆ፣ ድዱ አብጦ ሲመጣ አንቲባዮቲክ አዛችሁ «ከሁለት ሳምንት በኋላ አምጡት» አትበሉ። የበርኪት ዕጢ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። በመድኃኒት ደግሞ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት።

ሥራን ስለ መጠየቅም አንድ ነገር ልበል። በ1924 ቴዎዶር ብለም የተባለ የኒውዮርክ የጥርስ ሐኪም ጥርስ ከተነቀለላት በኋላ መንጋጋዋ አልድን ያላት ወጣት ታካሚ ነበረችው። ሥራዋ የሰዓት ቁጥሮችን በጨለማ በሚያበራ ቀለም መቀባት ነው። ቀለሙ ራዲየም አለበት፤ ሠራተኞቹ ብሩሹን የሚያሾሉት ደግሞ በከንፈራቸው ነበር። ብለም ስሙን «የራዲየም መንጋጋ» ብሎ በጽሑፉ ግርጌ አሰፈረው። በ2003 ደግሞ ሮበርት ማርክስ የተባለ የማያሚ ቀዶ ሐኪም ተመሳሳይ አልድን ያለ መንጋጋ አጋጠመው፤ ምክንያቱ ካንሰር አጥንት ውስጥ ለገባባቸው ሰዎች የሚሰጥ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጉጠቱን ከማንሣታችሁ በፊት «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ማለት ሥነ ሥርዓት ለማሟላት ብቻ የሚደረግ አይደለም። የት እንዳደጉም ጠይቁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አድጎ ጥርሱ የበለዘ ሰው ሲመጣ ብዙዎቻችን ስለ ማንጻት እናወራለን፤ ጥርሱን ያበለዘው ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ግን ወገቡንም ሊያደርቀው ይችላል። ወገብዎን ያምዎታል ወይ በሉት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ መቼም የማይቀርላችሁ እንግዳ አሜሎብላስቶማ ነው። ስላይዱን ታስታውሱታላችሁ፤ ራጁ ላይ የሳሙና አረፋ የሚመስለውን። የዚህ ዕጢ ተንኮሉ አለማመሙ ነው። ስለማያም ሰውየው ይታገሣል፣ ጸበል ይሞክራል፣ ነጠላ ይከናነባል። በመካከሉ አንድ ሁለት ጥርስ ይነቃነቅበትና ወደ ክሊኒክ ጎራ ይላል፤ ይነቀልለትና ይሸኛል። ማንም ራጅ አላነሣውም። እብጠቱ እንደ ካንሰር ወደ ሩቅ የመሠራጨት ልማድ የለውም፤ ጎረቤቱን አጥንት ግን ይበላል፣ ላይ ላዩን ከተፋቀም ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ግማሽ መንጋጋ ተቆርጦ ይወጣል። በመጀመሪያዋ ቀን አንድ ራጅ ቢነሣ ኖሮ የሚቆረጠው ምናልባት ጥቂት ነበር። ጥርስ ያለ ምክንያት አይነቃነቅም፤ ምክንያቱ ካልታያችሁ አትንቀሉ።

እናቶች እዚህ ስላላችሁ ደፍሬ አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ከድዱ ያልወጣው የክራንቻ ጥርሱ በስለት የሚወጣበት ቦታ ዛሬም አለ። ከደም መፍሰሱና ከመመረዙ ከተረፈ፣ ከሥር ተደብቆ ተራውን የሚጠብቀው ቋሚ ጥርስ ተጎድቶ ይቀራል። ተመራቂዎች፣ እንዲህ ያለውን ልጅ የምታመጣላችሁን እናት አትቆጡ። ያደረገችው ልጇ እንዳይሞትባት ነው፤ ተቅማጡን በምን እንደምታክመው ንገሯት።

ኖማንም ሳልጠራ ከዚህ መድረክ መውረድ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ማብቂያ ላይ ነው ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው፤ ዘግይቷል ባይ ነኝ። የሚይዘው ባመዛኙ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ብዙ ጊዜም ኩፍኝ ያደከማቸው ሕፃናትን ነው። በድድ ቁስልና በመጥፎ የአፍ ጠረን ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበሳል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ ይገድላል። የተረፉት መንጋጋቸው ተቆልፎ፣ ፊታቸው ጎድሎ፣ ብዙ ጊዜም ከሰው ተደብቀው ያድጋሉ። የሚያናድደኝ፣ ድድ ላይ ሳለ ቢያዝ አንቲባዮቲክ፣ አፍ መጉመጥመጫና ምግብ ያቆመዋል፤ ሁሉም ጤና ጣቢያ ሊያገኘው የሚችል ነገር። ገጠር ከተመደባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ሰብስቡና የሚደማና የሚሸት የሕፃን ድድ ፎቶ አሳዩአቸው። ግማሽ ቀን ይበቃል።

የምላስ ጠርዝ ላይ ያለ፣ በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ሁሉ ናሙና ይወሰድለት። ይህንን መምህራኖቻችሁ ስለነገሯችሁ አልደግመውም።

ናሙናውን ስትልኩልን ታዲያ፣ በሳሊን አትላኩ፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፍጹም አትላኩ። 10 በመቶ ፎርማሊን፣ መጠኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ያህል። ወረቀቱን ሙሉት፤ ራጁ ካለ ፎቶውን በስልክም ቢሆን ላኩት። «ሲስት ነው፣ ምን ሊሆን ነው» ብላችሁ ያወጣችሁትን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አትጣሉ፤ ሲስት የመሰላችሁ ሁሉ ሲስት ላይሆን ይችላል። የምጽፍላችሁ መልስ ካልገባችሁ ደውሉልኝ፤ ፓቶሎጂስት የሚደውልለት ሰው ጥቂት ስለሆነ ደስ ይለናል። የታካሚውን ስም ደግሞ በጠርሙሱ ገላ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አትጻፉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ክዳኖች ይቀያየራሉ።