እናቶቻችን ለምን ይወድቃሉ?

(በዓይናለም በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ሌላ መዝገብ ነው፦ እናቴ የወደቀችባቸውን ቀኖች ስለጻፍኩበት ደብተር።

አደይ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የወደቀችው ደጃፋችን ደረጃ ላይ ነበር። «አዳልጦኝ ነው» አለች፤ አመንናት። በሁለተኛው «እርጅና ነው» አልን። በሦስተኛው ግንባሯ ተፈንክቶ ተሰፋ። ያኔ ፈራሁ። ወደ ሥራ ስሄድ ልጄን «አያትሽ ከወንበር እንዳትነሳ ጠብቂ» እላት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አስቀረሁ፤ ቡና ማፍላቱንም ወሰድኩባት። የጠበቅኳት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ካልደገፍናት በቀር ከወንበር መነሳት አቃታት። አንድ ማታ ልብሷን ስቀይርላት ዳሌዋ ጠቁሮ አየሁ። ወድቃ ደብቃኛለች። «ብነግርሽ ደግሞ አልጋ ላይ ታስቀሪኛለሽ» አለችኝ። ይህ ቃሏ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በማግስቱ እንደማልቆጣት ነግሬያት አብረን መጻፍ ጀመርን፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያደረገችውን ጫማ፣ ከመውደቋ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር። የደበቀችኝን ጨምሮ ስድስት ሆነ። ሁለቱ ሶሉ ባለቀ የፕላስቲክ ጫማ ግቢ ውስጥ ነው። አራቱ ግን ንጋት ላይ፣ ከአልጋ ብድግ እንዳለች ነው፤ ከእነዚህም ሁለቱ በፍልሰታ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ በምትውልበት ጊዜ።

ደብተሩንና የመድኃኒት ከረጢቷን ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ግፊቷን ተኝታ ለካት፣ ቆማ ለካት፤ ስትቆም በጣም ይወርዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መድኃኒት ስለጠፋ፣ አደይ ያገኘችውን ክኒን ማጠራቀም ለምዳ ነበር። ከረጢቷ ውስጥ ስማቸው የተለያየ፣ መድኃኒቱ ግን አንድ የሆነ ሁለት የግፊት ክኒን ተገኘ። ሁለቱንም ትውጥ ነበር! ሐኪሙ አስተካከለላት። እህቶቼ፣ መድኃኒት በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ስለ ጾሙም ከነፍስ አባቷ ጋር ተመካክራ ቀለል አደረጉላት።

አሁን ስትነቃ ውሃ ትጠጣለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጣ ነው የምትነሳው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየቻትን በየቀኑ ትሠራለች፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ መቆም። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቧ ሰው ይቆም ነበር። ምርኩዝ «የሽማግሌ ነው» ብላ እምቢ ብላ ነበር፤ መቋሚያ ስሰጣት ግን ተቀበለች። ይኸው ቤተ ክርስቲያንም ከጎረቤት ጋር ትሄዳለች። ቡናውም ወደ እሷ ተመልሷል።

ይህ የእኔ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ከመቶው ከሰማንያ በላዩ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። እርጅና ነው ብለን የምናልፈው ነገር ምክንያት አለው፤ ብዙው ደግሞ በአቅማችን የሚስተካከል ነው። እኔ ከማኅበራችን ቁጠባ ተበድሬ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ አስገጥሜያለሁ። ደጋፊዎቻችንን የምጠይቀው፣ መበደር ለማይችሉት እናቶች ይህን መያዣ እንድታስገጥሙልን ነው።

ከዚያ ወዲህ አደይ አንድ ጊዜ ወድቃለች። ውሸት አልነግራችሁም፤ ፍርሃቴም አልጠፋም። ግን ያን ቀን ከሥራ ስገባ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠራችኝ። «ጓለይ፣ ደብተሩን አምጪ፤ ዛሬ ወድቄያለሁና ጻፊው» አለችኝ።