ስለ አሮጌ ቴምብር ፍለጋ፣ ግዢና ሽያጭ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተዘጋጀው የቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ተማሪዎች የሰበሰቧቸው ቴምብሮች በመስተዋት ሥር ተደርድረው ስመለከት ደስታዬ ታላቅ ነው። የተጠየቅሁት ስለ አሮጌ ቴምብር አሰባሰብ ጥቂት ቃል እንድናገር ነው። ቴምብር መሰብሰብ የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም በጨዋታ ይጀመራል። ነገር ግን አሮጌውን ፈልጎ ማግኘት፣ መግዛትና መልሶ መሸጥ ሲመጣ ገንዘብ ይገባበታል፤ ገንዘብ በገባበት ሥራ ደግሞ የሰው ጠባይ ይፈተናል። እኔም ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ፈተና ነው።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ራሱ ልናገር። በዓለም የመጀመሪያው ቴምብር በእንግሊዝ አገር የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ነው። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ በፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. ወጡ። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ዋጋቸውም ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበር። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ የአንበሳውን ሥዕል ይዘዋል። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ ከእኛ ቴምብር ሌላ በጅቡቲ በኩል ለማለፍ የፈረንሳዮችን ቴምብር ጭምር መለጠፍ ያስፈልገው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ከምኒልክ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በቀጥታ ወደ ውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ቴምብር እንደምታስቡት ያህል ብርቅ አይደለም። ብርቁ በእውነት በፖስታ ቤት በኩል ሄዶ፣ የተላከበት ከተማ ማኅተም ተመትቶበት፣ የተቀባዩ ስም እንደ ተጻፈበት የተገኘው ሙሉ ደብዳቤ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በጥፋቴ ነው።

አራዳ ከጥንት ጀምሮ የገበያ ሰፈር ነው። ዋናው ገበያ ወደ መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ፒያሳ የሚለውም ስም የዚያው ዘመን ቅሪት ነው። ገበያው ቢሄድም የመግዛትና የመሸጥ ጠባይ ከሰፈሩ አልሄደም። እኔም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ቸርችል ጎዳና እየተዘዋወርሁ አሮጌ ቴምብር አድን ነበር። አንዳንድ ቀን ጫማዬ እስኪያልቅ ዞሬ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳላስበው አገኛለሁ።

በሰፈራችን አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ሣጥናቸውን ሲያናፍሱ ደርሼ፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የተላከ፣ የምኒልክ ቴምብር የተለጠፈበት አንድ የደብዳቤ ፖስታ አየሁ። ልቤ መምታት ጀመረ፤ ፊቴ ግን ምንም አላሳየም።

«እማማ፣ ይህን ይሽጡልኝ» አልኋቸው።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ልጄ?»

«ለጨዋታ ነው።»

«እንግዲያስ ውሰደው» አሉኝ። እኔም እንዳይቀየሙኝ ብዬ ሁለት ብር ሰጠኋቸውና እየሮጥሁ ቤቴ ገባሁ። ፖስታውን ሞቅ ባለ ውሃ ነክሬ ቴምብሩን አላቀቅሁ፤ ወረቀቱ ሲረጥብ ቀለሙ ስለ ፈሰሰ ጣልሁት። በማግሥቱ ፒያሳ ለነበሩ አንድ ሰብሳቢ በ20 ብር ሸጥሁት። ሰውየው ቴምብሩን በማጉያ መስተዋት እያገላበጡ «ፖስታውስ?» ብለው ጠየቁኝ። እንደ ጣልሁት ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ቀጥሎም «ልጄ፣ ፍሬውን ጥለህ ገለባውን ነው ያመጣህልኝ» አሉኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ በሆነ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን እኒያ እናት በመንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ያ ወረቀት ላይ ያለው ጽሕፈት የአባቴ እጅ መሆኑን እኅቴ ነገረችኝ፤ እስቲ አንዴ አሳየኝና እመልስልሃለሁ» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ሃያውን ብር ይዤ ሄድሁ፤ እሳቸው ግን ገንዘቡን አልተቀበሉኝም። የፈለጉት የአባታቸውን እጅ ጽሕፈት ነበርና።

ይህን ካንድ የውጭ አገር ታሪክ ጋር አነጻጽሩልኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓመት በእንግሊዝ ጉያና የሚኖር ቬርነን ቮን የሚባል የ12 ዓመት ተማሪ በቤተሰቡ ደብዳቤዎች መካከል በ1856 የወጣ የአንድ ሳንቲም ቴምብር አግኝቶ በስድስት ሽልንግ ሸጠው። ያ ቴምብር በዓለም ላይ ብቸኛው ሆኖ ተገኘና በ2014 በኒው ዮርክ በሐራጅ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተሸጠ። ሰው ሁሉ ለዚያ ልጅ ያዝናል። እኔ ግን ገዢውን አልወቅስም፤ በዚያን ቀን ዋጋውን ልጁም ገዢውም አላወቁትምና። ሁለቱም ሳያውቁ የተደረገ ንግድ ዕድል ነው። አንዱ እያወቀ «ለጨዋታ ነው» ብሎ የደበቀ እንደ ሆነ ግን ማታለል ነው። በእኔና በዚያ ገዢ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ከ1893 እስከ 1895 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በምኒልክ ቴምብሮች ላይ በማኅተም እንደ «ቦስታ» ያለ ቃል ይመታ ነበር። እንዲህ ያለው ቴምብር ካልተመታበት ይልቅ ዋጋ ስላለው፣ ተንኮለኞች ርካሹን ቴምብር ይዘው ቃሉን ራሳቸው እየመቱ በዓለም ገበያ ብዙ ሐሰተኛ በትነዋል። የተታለለ ሰብሳቢ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲል ሐሰተኛውን ለሌላ ይሸጣል፤ ሁለተኛውም ለሦስተኛው። ይህ ሰንሰለት የሚቆመው አንድ ሰው «ይህ እንደማያስተማምን አውቄአለሁና አልሸጠውም» ብሎ ኪሣራውን በራሱ ላይ ሲያስቀር ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከእኔ ጥፋት ሦስት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ ያገኛችሁትን ዕቃ ሳትጠይቁ አትንከሩ፣ አትቍረጡ፣ አታጽዱ። ሁለተኛ፣ ከማንና ከየት እንዳገኛችሁት በደብተር ጻፉ፤ ታሪኩ የጠፋበት ዕቃ ግማሽ ዋጋውን አጥቷልና። ሦስተኛ፣ ለመግዛት ስትጠይቁ የምታውቁትን ለባለቤቱ ንገሩ፤ «ይህ ዋጋ ያለው ነው፣ እኔ ይህን ያህል መክፈል እችላለሁ፣ ነገር ግን ለቤተሰብዎ ማቆየት ቢፈልጉ አልቀየምም» በሉ። በዚህ ንግግር አንዳንዱ ዕቃ ያመልጣችኋል፤ ነገር ግን እውነት የተነገረው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሣጥኑን የሚከፍተው ለእናንተ ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄዱ አይተናል። ቤት ሲለቀቅ የአያት ሣጥን ይከፈታል፤ አሮጌ ወረቀትም ቆሻሻ መስሎ ይጣላል፣ ወይም ለቁራሌው ይሰጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው። እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጥሩና አብራችሁ አንብቡት። ምናልባት የሚሸጥ ነገር አይገኝበት ይሆናል፤ የአባታችሁ እጅ ጽሕፈት ግን ይገኝበት ይሆናል።

በዋናው ፖስታ ቤት ያለውን የቴምብር ሙዚየም ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩ። እኔ ያችን የሐረር ፖስታ ዛሬም በሰው ስብስብ ውስጥ እፈልጋለሁ፤ አንድ ቀን የምትመስላት ባገኝ የምገዛት ለመሸጥ አይደለም። ያ ሰብሳቢ የሰጡኝን ብር ከምን እንዳደረስሁት አላስታውስም፤ እኒያ እናት «አንዴ አሳየኝ» ያሉኝን ግን አልረሳሁትም።