የኮሎኝ ካቴድራልና ሳይጠናቀቅ የቆየው ማማ



የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በስክሪኑ ላይ የምታዩት ፎቶግራፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጀርመን፣ በኮሎኝ ከተማ የተነሣ ነው። ጫፍ የሌለው የድንጋይ ማማ ይታያል፤ በአናቱ ላይ አንድ ግዙፍ የእንጨት ክሬን አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ሰዎች በትልቅ መንኮራኩር ውስጥ እየተራመዱ ድንጋይ ይስቡበት የነበረ መሣሪያ ነው። ለዘመናት ሥራ ፈትቶ በዚያ ቆየ፤ የከተማይቱ ልጆች እያዩት ተወልደው አረጁ፤ ሠዓልያንም ኮሎኝን ሲሥሉ እርሱን አይዘነጉም ነበር። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ክሬን ይነሣል፦ ቆሞ የቀረ ሥራ ራሱ ታሪክ ከሆነ በኋላ፣ ሥራውን መጨረስ ታሪኩን መፈጸም ነው ወይስ መደምሰስ?

ነገሩ የሚጀምረው በ1164 ነው። ሊቀ ጳጳሱ ራይናልድ ፎን ዳሰል የሰብአ ሰገል ነው የተባለውን ዐፅም ከሚላኖ ወደ ኮሎኝ አመጣ፤ ተሳላሚው በረከተ፤ ነባሩ ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ክብር የማይመጥን መሰለ። በ1248 የጸደይ ወራት አሮጌው ሕንፃ በእሳት ወደመ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ የእመቤታችን ዕርገት በሚከበርበት ዕለት፣ ሊቀ ጳጳስ ኮንራድ ፎን ሆክስታደን ለአዲሱ ካቴድራል የመሠረት ድንጋይ አኖረ። የመጀመሪያው የግንባታ አለቃ ጌርሃርድ ዓይኑን የጣለው በፈረንሳይ የአሚየን ካቴድራል ላይ ነበር። ስለዚህ ኋላ «የጀርመን መንፈስ መግለጫ» ተብሎ የተወደሰው ሕንፃ በትውልዱ ፈረንሳዊ ነው። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

መሠዊያው ያለበት ምሥራቃዊ ክፍል በ1322 ተባረከ። ከዚያ በኋላ ሥራው አዘገመ። በ1560 ገንዘቡ ነጥፎ፣ የጎቲክ ስልትም ጊዜው አልፎበት፣ ግንባታው ቆመ። ደቡባዊው ማማ ከ50 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሰሜናዊው ከመሬት ብዙም ሳይነሣ ቀረ። በ1794 ከተማይቱን የያዙት የፈረንሳይ አብዮት ወታደሮች ካቴድራሉን የመኖ መጋዘን አደረጉት።

አሁን ወደ አንድ ብራና ልውሰዳችሁ። የምዕራቡን ገጽና ሁለቱን ማማዎች የሚያሳየው የመካከለኛው ዘመን ንድፍ ከ4 ሜትር በላይ ቁመት አለው። በፈረንሳዮች ዘመን ከስፍራው ጠፋ። በ1814 ግማሹ በዳርምሽታት ከተማ ተገኝቶ በአርክቴክቱ ጌኦርግ ሞለር እጅ ገባ፤ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ሥር ባቄላ ማድረቂያ ሆኖ ነበር ይባላል። ሌላው ግማሽ በ1816 በፓሪስ ተገኘ። ብራናው ባይገኝ ኖሮ ማማዎቹ ምን መልክ ይኖራቸው እንደ ነበር መገመት አልደፍርም።

በ1842 የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም አራተኛ ሥራውን ዳግም አስጀመረ። ንጉሡ ፕሮቴስታንት፣ ከተማይቱ ካቶሊክ ነች። ወጪውን መንግሥትና ለዚሁ የተቋቋመው የሕዝብ ማኅበር ተጋሩት። ባለቅኔው ሃይንሪሽ ሃይነ በመጀመሪያ ደግፎ፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ሳይጠናቀቅ ቢቀር ይሻላል ብሎ ተሳለቀ። ግንባታው አላቆመም። ክሬኑ በ1868 ወረደ። በ1880 ጥቅምት ወር፣ መሠረቱ ከተጣለ ከ632 ዓመት በኋላ፣ 157 ሜትር ከፍታ ያላቸው ማማዎች ተጠናቀቁ፤ ለአራት ዓመትም ያህል በዓለም ላይ የሚበልጣቸው ሕንፃ አልነበረም።

አንዳንዶች ይህን «አስመሳይ ጎቲክ» ይሉታል። እኔ አልስማማም። ግንበኞቹ የምዕራቡን ገጽ የሠሩት በጥንቱ ብራና መሠረት ነው፤ ጣሪያውን የተሸከመው አጥንት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብረት መሆኑም ሥራውን ሐሰት አያደርገውም። ሐሰት ካለ ከድንጋዩ ሳይሆን ከምረቃው ነው። ቀዳማዊ ቄሣር ቪልሄልም የጀርመንን አንድነት ሊያከብር በኮሎኝ ሲገኝ፣ የካቴድራሉ ሊቀ ጳጳስ ፓውሎስ ሜልከርስ በስፍራው አልነበረም። መንግሥትና ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባደረጉት ትግል ታስሮ ነበር፤ በዚያን ጊዜም በኔዘርላንድ በስደት ይኖር ነበር። ከአሚየን የተቀዳው ሕንፃ የብሔር ሐውልት ሆነ፤ የቤቱ ባለቤት በሌለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካቴድራሉ በ14 ቦምቦች ተመታ። በ1943 ከሰሜናዊው ማማ ድጋፍ ላይ ትልቅ አካል ተገምሶ ማማው ሊናድ ሲያሰጋ፣ ቀዳዳው በችኮላ በጡብ ተደፈነ። ይህ የጡብ ጥፍጥፍ ከጦርነቱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በግልጽ ይታይ ነበር። ለመታሰቢያ ይቆይ የሚሉ ነበሩ፤ የለም፣ ቅርጹ ይመለስ የሚሉት አሸነፉና በ2005 በተጠረበ ድንጋይ ተሸፈነ።

እኔ በዚያ ክርክር ድምፅ ቢኖረኝ ለጡቡ እሰጥ ነበር። በ1868 ብኖር ግን ክሬኑ ይውረድ እል ነበር፤ ለማማው ንድፍ ነበረውና። ሁለቱ አቋሞቼ እርስ በርሳቸው ሊጋጩ እንደሚችሉ ይታወቀኛል፤ በዚህ ላይ ተቃውሟችሁን መስማት እሻለሁ። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።