ቤቱ ከተሠራ በኋላ ለአስታማሚው ማን ይከፍላል?

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የአእምሮ ሕመም ወይም የሱስ ችግር ያለበትን ሰው፤ በመንገድ ላይ እያደረ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ ማለት ከንቱ ምክር ነው። በ1992 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ) ሳም ጸምበሪስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በኒው ዮርክ የጀመሩት ሥራ «አስቀድመህ ተፈወስ» ሳይል ለበሽተኛው ቁልፍ ሰጠው፤ ሐኪምና ረዳትም እስከ ደጁ ላከለት።

ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በማርች 2024፤ ያውም በጥቂት ድምፅ ብልጫ፤ 6.38 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። አብዛኛው ለሕክምና ስፍራ፤ የቀረው ለመኖሪያ ነው። ብድሩ ግን ግንብ ይሠራል እንጂ የወር ደመወዝ አይከፍልም። ለአገልግሎቱ ከሚውለው ገንዘብ አንዱ ዋና ምንጭ፤ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ በ2004 የተወሰነው ከመቶ 1 ግብር ነው። አዲሱ ሕግ ግብሩን ሳይጨምር፤ አውራጃዎች ከሚደርሳቸው ላይ ከመቶ 30 ለመኖሪያ ይዋል አለ። ታዲያ አልጋ ለመጨመር አስታማሚ ሊቀነስ አይደለምን?

አሜሪካኖች ይህን ቀድሞም አይተውታል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የፈረሙት ሕግ ለአእምሮ ጤና ጣቢያዎች ሥራ 150 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፤ የሠራተኛው ወጪ በምክር ቤት ተሰርዞ ነበር። በ1965 ቢፈቀድም በየጊዜው እየቀነሰ የሚሄድ ነበር። ትላልቆቹ ሆስፒታሎች ግን በሽተኛ ማሰናበታቸውን አላቆሙም።

«በመንገድ ያለው ሰው በጀት እስኪሟላ ይጠብቅ ወይ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤቱ አሁኑኑ ይሠራ። ነገር ግን የግንቡ ወጪ በሚጸድቅበት በዚያው ቀን የረዳቱ ደመወዝ ከቋሚ ግብር ተለይቶ ይያዝለት።