ለመስቀል የመጣ ቫኪዩም

እሷ፦ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌዋ አረቅጥ የሚገባ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ዘንድሮ አቧራ የሚስብ ቫኪዩም ይዞ ቢመጣስ?

እሱ፦ ለየትኛው ቤት? እናቶች በጭቃና በእበት ለቅልቀው ያሳመሩትን ወለል አፈሩን ይመጥጠዋል እንጂ አያጸዳውም። ለዚያ መጥረጊያ ይበቃል።

እሷ፦ ምንጣፍና ሶፋ ያለውስ?

እሱ፦ እሱ ይግዛ። ግን «2000 ዋት» የሚለው ጽሑፍ አያታልለው፤ ዋት የሚበላውን መብራት እንጂ የሚስበውን አቧራ አይናገርም።

እሷ፦ ሻጩ እኮ የሚጠራው እሱኑ ነው!

እሱ፦ ሱቁ ውስጥ አስነሱት፤ መዳፋችሁን ቱቦው አፍ ላይ አድርጉና ጉልበቱን እዩ። ከረጢቱም የሚታጠብ ይሁን፤ የወረቀቱ በሞላ ቁጥር ምትክ ፍለጋ ያስኬዳል።

እሷ፦ የምድጃ አመድስ?

እሱ፦ በፍጹም! ፍም ከቀረበት ከረጢቱን ያቃጥላል፤ የላመው አመድም ማጣሪያውን ይደፍናል። አድማጮች፣ አመድ በቫኪዩም አታንሱ።