ልጆቻችንና በስልክ የሚገባው እንግዳ

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ አንድ ስደተኛ መምህር ለተማሪ ወላጆች ያደረጉት ንግግር)



በቅድሚያ የውኃና የራሽን ሰልፉን ትታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእሳችን ልጆቻችን በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ከሚደርስባቸው አደጋ እንዴት እንጠብቃቸው የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ስልክ ለስደተኛ ቅንጦት አይደለም። አገር ቤት የቀረች እናት ድምፅዋ የሚሰማው፣ ዘመድ የላከው ገንዘብ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ስለዚህ ስልክ ይቅር አልልም። ነገር ግን የማናውቀው ሰው ቤታችን ቢመጣ፣ ማን ነህ፣ ከወዴት መጣህ ሳንል ከልጃችን ጋር ብቻውን አንተወውም። በስልክ የሚገባውን እንግዳ ግን የሚጠይቀው የለም። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ከልጅ ጋር ያወራል።

የዚህ ሰው አካሄድ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በሰው ፎቶግራፍ እኩያ መስሎ ይቀርባል፤ ቆንጆ ነሽ፣ ጎበዝ ነህ ይላል፤ የስልክ ካርድ ይልካል። ቀጥሎ «ለቤተሰብ እንዳትነግሪ» ይላል። በመጨረሻም የሚያሳፍር ፎቶግራፍ ይጠይቅና እጁ ሲገባ «ገንዘብ ካልላክሽ እበትነዋለሁ» እያለ ያስፈራራል። ሌላው ደግሞ ወጣቶችን «አውሮፓ አስገባችኋለሁ፣ ሒሳቡን ስትደርሱ ትከፍላላችሁ» ይላቸዋል። እንዲህ ተብለው ሊቢያ ላይ የታገቱና ቤተሰባቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ የተጠየቀባቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ዕድሜ። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቀድም። በቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የግል መልእክት መላላክ አይችልም። ይሁን እንጂ ልጁ «20 ዓመቴ ነው» ብሎ ከተመዘገበ ይህ ጥበቃ ይቀርበታል። ስለዚህ ትክክለኛ ዕድሜው መሞላቱን አረጋግጡ።

2ኛ/ ቴሌግራም። ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ የማያውቀው ሰውም ወደ ግሩፕ እንዳያስገባው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መዝጋት ይቻላል።

3ኛ/ ፎቶግራፍ። ራሽን ካርድ፣ የስደተኛ ወረቀት፣ የብሎክና የቤት ቁጥር የሚታይበት ፎቶግራፍ አይለቀቅ። ከመካከላችን ከሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ የመጣ አለ። ልጁ በለቀቀው አንድ ፎቶግራፍ መላው ቤተሰብ ያለበት ቦታ ሊታወቅ ይችላል።

ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶችም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። «ዛሬ ከማን ጋር አወራህ? እስቲ አሳየኝ» ለማለት ንባብ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልጅ የሚደብቀው የሰውየውን ዛቻ ብቻ ሳይሆን የእኛንም ዱላ ፈርቶ ነው። ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ «አባትሽ ቢሰማ ይገድልሻል» ይላል። እኛ በተቆጣን ቁጥር የእርሱን ቃል እናጸናለታለን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አስቀምጡና «ምንም ነገር ቢደርስባችሁ ንገሩኝ፤ አልመታችሁም» በሏቸው። ቃላችሁንም ጠብቁ።

ልጁ ከተናገረ መልእክቱን አታጥፉ፣ ማስረጃ ነው። ገንዘብ አትላኩ፣ አንዴ የተከፈለው ተመልሶ ይጠይቃል። በካምፑ ለሚገኘው የሕፃናት ጥበቃ ክፍል አመልክቱ፤ ወይም በ116 ደውሉ። ይህ የሕፃናት የእርዳታ መስመር ሲሆን ከኬንያ ውስጥ በነፃ ይደወላል። የልጅቱ ፎቶግራፍ የደረሳችሁ ጎረቤቶች ካላችሁ ለሌላ ሰው አታስተላልፉ። ያስተላለፈ ሁሉ የዚያ ሰው ተባባሪ ነው።

ልጆቻችንን ድንበር ያሻገርናቸው በብዙ መከራ ነው። አሁንም ከጎናቸው እንሁን።