ርዕደ መሬት በመጣ ጊዜ

አቅራቢው፦ እኅቴ ሆይ፥ በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው፥ የካራ ቆሬንም ቤቶች የጣለው ርዕደ መሬት ገና ከአረጋውያን ልቡና ሳይጠፋ፥ በ2017 ዓ.ም. በወርኃ ታኅሣሥ በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ተሰንጥቃ ሕዝቡ ከቀየው ሲፈልስ፥ መናወጡም እስከ አዲስ አበባ ፎቆች በተሰማ ጊዜ፥ ብዙዎች በድንጋጤ ወደ ደረጃ መሮጣቸው እጅግ ያሳስበኛል።

አቅራቢዋ፦ ማሳሰቡስ ተገቢ ነው፤ መሬት በምትናወጥባት በዚያች ቅጽበት ደረጃውም አሳንሰሩም ለጉዳት የሚዳርጉ ናቸውና፥ በፎቅ ላይ ያለ ሰው ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቆ፥ በጉልበቱ ተንበርክኮ፥ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፥ ራሱንና ማጅራቱን በክንዱ ጋርዶ፥ ነውጡ እስኪያልፍ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ ይያዝ።

አቅራቢው፦ በድንጋይና በጭቃ ቤት የሚኖረው ወገናችንስ?

አቅራቢዋ፦ ለእርሱ ነገሩ ይለያል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ፈጥኖ ስለሚናድ፥ በሩ ቅርብ ከሆነ ወደ ሜዳ መውጣት ይሻለዋል፤ ከግንብ አጥር፥ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከገደል ሥር ግን ይራቅ። ከሁሉ ይልቅ ወላጆችን አደራ የምለው፥ ተከታይ ነውጥ አይቀርምና፥ የተሰነጠቀ ቤት በባለሙያ ሳይመረመር ሕፃናትን መልሰው እንዳያስተኙበት ነው።

አቅራቢው፦ ምድጃውንና የጋዙን ሲሊንደርስ መቼ እንዝጋ?

አቅራቢዋ፦ ነውጡ እንዳቆመ፤ በመካከሉ ግን አይደለም።